የጥላ ግብር

የድሮ ተማሪያችን ፋጡማ ስትደውልልኝ ደሴ ፒያሳ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«ቲቸር፣ ጋሽ ወዳጆ አረፉ። ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ሳልደውልልዎት ቀርቼ አይደለም፤ ወላሂ ኔትወርኩ እምቢ ብሎኝ ነው።»

ሰልፉን ትቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። የቆቦው ሚኒባስ እስኪሞላ መስኮት ጥግ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ በዓይኔ ላይ የሚመጣብኝ ፊታቸው ሳይሆን ኮታቸው ነበር።

ቆቦን የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳኝም። እዚያ ቆላ ኮት የለበሰ ሰው ወይ ሙሽራ ነው ወይ ወባ ይዞታል። እኔ የሒሳብ መምህርት ሆኜ ከደሴ ተመድቤ የሄድኩ ሰሞን፣ ጠመኔው ከላቤ ጋር እየተለወሰ እጄ ላይ ይፈርስ ነበር። ጋሽ ወዳጆ ግን ቡናማ የሱፍ ኮታቸውን ቆልፈው፣ እንደ ራያ ሰው ሁሉ ዱላቸውን ይዘው ክፍል ይገባሉ። ዱላው ተማሪ ነክቶ አያውቅም፤ ካርታ ላይ አገር ማሳያ ነው። አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ተቀምጠን አላስችል አለኝ።

«ጋሽ ወዳጆ፣ አይሞቅዎትም?»

«ይሞቀኛል።»

«ታዲያ?»

«የደሴዋ» አሉኝ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «እኔ ከማሽላ ውስጥ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይሄን ኮት ካወለቅኩ መልሰው እርሻ የሚከቱኝ ይመስለኛል።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። የእውነታቸውን መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የተወለዱት ከሮቢት ወዲህ ባለች አንዲት መንደር ነው። ታላቅ ወንድማቸው ይማም የአባታቸውን መሬት ያርሳል፤ እሳቸው ቆቦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራሉ። በመምህራን ስብሰባ ላይ የሚታወቁት በአንድ ጥያቄ ነበር። ርዕሰ መምህሩ አዲስ ነገር ባስታወቀ ቁጥር ጋሽ ወዳጆ ዱላቸውን ከፍ ያደርጉና «መልካም ነው። ማንን ጠየቃችሁ?» ይላሉ። ነገሩን ስለጠሉት አይደለም። ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ሰው ሳይጠየቅ አይወሰንበትም ባይ ናቸው። የአጥሩ ቀለም ሲለወጥ ጠየቁ። የመምህራን ሻይ ስኳሩ ሲቀነስም ጠየቁ። ርዕሰ መምህሩ በመጨረሻ ዱላዋ ከፍ ስትል ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ባለቤታቸው አንድ ቀን ከገበያ ፍየል ገዝተው ቢመጡ «ማንን ጠየቅሽ?» ብለዋቸው፣ «ፍየሏን» አሏቸው አሉ። ይህን እየሳቁ የሚያወሩት ራሳቸው ነበሩ።

በዓለም ታሪክ ትምህርት ውስጥ የአሜሪካ ቅኝ ተገዢዎች በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ያመፁበት ምዕራፍ አለ። ጋሽ ወዳጆ እዚያ ሲደርሱ መጽሐፍ አያስገልጡም። አንደኛውን ዓመት በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ የእኔ ክፍል ከእሳቸው ጎን ስለነበር በመስኮቱ ሁሉንም እሰማለሁ። ሰሌዳው ላይ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ጻፉና «እውነት ነው ሐሰት?» አሉ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «እውነት!» አለ።

«እናያለን» አሉና ሌላ ነገር አስተምረው ወጡ።

በማግስቱ አዋጅ አወጁ። በግቢው ውስጥ ደህና ጥላ ያለው አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ብቻ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ተማሪው ሁሉ እዚያ ሥር ይሰፍራል። ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ክፍል ተማሪ ኒሙ ሥር ከተቀመጠ ግብር ይከፍላል አሉ። ግብሩ ከቦኖው አንድ ጆግ ውሃ ቀድቶ አጥር ሥር የተተከሉትን ችግኞች ማጠጣት ነው። ልጆቹ እየሳቁ ከፈሉ። ቀጥለው ሁለት ግብር ሰብሳቢ ሾሙ፤ ሰብሳቢዎቹ አይከፍሉም። ማጉረምረም ተጀመረ። ቀጥሎ ግድግዳ መደገፍም ግብር አለው ተባለ። ከዚያ የቆርቆሮው ጥላ ተጨመረ።

«ለምንድን ነው የምንከፍለው?» አሏቸው።

«ንጉሡ ጦርነት ተዋግቶ ካዝናው ባዶ ሆኗል።»

«እኛን ምን አገባን?»

«አያገባችሁም። ክፈሉ።»

ያኔ ፋጡማ ተነሳች። ከእሳቸው መንደር ነው የመጣችው፤ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ቀጭኗ እሷ ነበረች። «ቲቸር፣ ውሃ መቅዳት ከእናቴ ጋር ሁሌ የምሠራው ነው፤ አልከበደኝም። ችግኙም ውሃ ይሻል። ግን ማን ጠየቀን?» አለች።

ጋሽ ወዳጆ ቶሎ ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ደስታቸውን ሊደብቁ ነበር፤ እኔ ግን በመስኮቱ አየኋቸው።

በሚቀጥለው እረፍት ክፍሉ በሙሉ ወጥቶ ግቢው መሀል፣ አናት በሚበሳው ፀሐይ ላይ፣ መሬት ቁጭ አለ። ከኒሙ ሥር ድርሻቸው የነበረው ቦታ ባዶውን ቀረ። ሁለቱ ሰብሳቢዎች ጥቂት ተቅበዘበዙና አፍረው መጥተው አብረው ተቀመጡ። እኔ ልጆቹ ሊታመሙ ነው ብዬ ልጮህ ስል ጋሽ ወዳጆ ክንዴን ያዙኝ። «ተያቸው የደሴዋ፤ ምዕራፉን እየጨረሱት ነው» አሉኝ። ወዲያው ግብሩን አንስተው ልጆቹን ወደ ጥላው ጠሩና መጽሐፉን እዚያው አስገለጡ። በወረቀት ላይ ስለተጣለው ቀረጥ፣ ከባሕር ማዶ ስለተላኩት ወታደሮች፣ ባሕር ውስጥ ስለተደፋው ሻይ ነገሯቸው።

«ሻይ ተወዶባቸው አልነበረም» ሲሉ ሰማኋቸው። «እንዲያውም ረክሶላቸው ነበር። የቆረቆራቸው፣ ግብሩ በሚወሰንበት ሸንጎ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ የሌላቸው መሆኑ ነው። እና ምሳሌው እውነት ነው ሐሰት?»

«ሰማይስ አይታረስም» አለች ፋጡማ። «ሁለተኛውን እንጃ።»

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ጎበዝ አስተማሪ ነበሩ ብዬ እዘጋው ነበር።

የራያ ቆላ የሚታረሰው በዝናብ ብቻ አይደለም። ክረምት ሲገባ ከምዕራቡ ተራራ ጎርፍ ይወርዳል። አሸዋ ብቻ የነበረው ወንዝ ባንዴ ይሞላል፤ ብዙም ሳይቆይ ይደርቃል። በዚያች ጊዜ ጎርፉን ጠልፎ በቦይ ማሽላው ላይ ያላስተኛ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ያዝናል። ቦዩ በየዓመቱ በደለል ስለሚደፈን ከጎርፉ በፊት መንደሩ ወጥቶ ይቆፍራል። ሥራውን የሚመራው የውሃ አባት የሚባል ሽማግሌ ነው፤ በእነ ጋሽ ወዳጆ መንደር አባ ሰይድ ነበሩ። አንድ የቆየ ደንብም አለ። በወንዙ ዳር በሚደረገው ሸንጎ ያልቆፈረ አይናገርም። ሀብታምም ሆነ ሹም፣ አፈር ካልነካ አፍ የለውም።

በዚያው ዓመት የመስኖ ፕሮጀክት መጣ። ቦዩ ከወንዙ በሚነሳበት ቦታ ጎርፉን የሚጠልፍ የድንጋይ በር ይሠራል፤ ገበሬው በየጥማዱ ይከፍላል፤ አባ ሰይድ ይቀሩና ቢሮ የመረጠው ኮሚቴ ይተካል ተባለ። መንደርተኛው ይህን የሰማው መኪና ላይ ከተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነው። እውነቱን ለመናገር በሩ ጠቃሚ ነበር። ጋሽ ወዳጆም ቢጠየቁ እሺ የሚሉት ነገር ነው። ግን ማንም አልተጠየቀም። ልጆቹ ደግሞ የጥላውን ግብር ታሪክ ቀድመው ለየቤታቸው አውርተውታል።

«እኛም ፀሐይ ላይ እንቀመጥ» አሉ የመንደሩ ጎረምሶች። የራያ ሰው ለግብር ሰብሳቢ ጀርባውን መስጠት የጀመረው ያን ቀን አይደለምና ሽማግሌዎቹም ደስ አላቸው። መክፈል ቀረ። ከዚያ መቆፈርም ቀረ፤ «ቦዩ የመንግሥት ከሆነ መንግሥት ይቆፍረዋ!» ተባለ። በምዕራቡ ተራራ ላይ ደመናው እየከበደ ሲመጣ ቦዩ በደለል እንደታፈነ ነበር። ማሽላው ጉልበት ድረስ አድጎ ውሃ ይጠብቃል።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ትምህርት ቤታችን መጣ። ወጣት ነው፤ ቁጣው ከዕድሜው ይበልጣል። መምህራን በተሰበሰብንበት «ለልጆቹ አመፅ ያስተማረው ማን ነው?» አለ።

«መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ወዳጆ።

«መጽሐፉ ውስጥ ጥላ አለ?»

«የለም። ጥላውን ከራሴ ነው ያዋጣሁት።»

ሁላችንም ሳቅን፤ ወጣቱ አልሳቀም። «ጎርፉ ሳይጠለፍ ካለፈ ሰዉ የሚራበው በእርስዎ ጦስ ነው» ብሎ ወጣ። ሳቁ አፋችን ላይ ደረቀ። ከግቢ ስንወጣ ጋሽ ወዳጆ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

«ልጁ አልዋሸም፣ የደሴዋ» አሉኝ። «እንዴት እንደሚጀመር አስተማርኳቸው። እንዴት እንደሚጨረስ ግን የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው ብዬ አሳደርኩት።»

ቅዳሜ ሸንጎ ስለነበር አብሬያቸው ሄድኩ። ብቻቸውን መላክ ከብዶኝ ነው። መንደርተኛው በደረቀው ወንዝ ዳር ግራር ሥር ተቀምጧል። የፕሮጀክቱ መኪናም ራቅ ብላ ቆማለች፤ ኃላፊው ውስጥ ነው። ጋሽ ወዳጆ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቆሙ።

«ወዳጆ ልጄ» አሉ አባ ሰይድ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ። «አካፋ የያዝከው ኸመቼ ወዲህ ነው?»

ጋሽ ወዳጆ መምህር ከሆኑ ጀምሮ የቁፋሮ ተራቸውን በቅጥር ሠራተኛ ነበር የሚያስጨርሱት።

«አስቆፍሬአለሁ፣ አባባ» አሉ።

«እንግዲያ ያስቆፈርከውን ሰው ጥራው፤ እሱ ይናገር።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አገሩን ሁሉ «ማንን ጠየቃችሁ?» ሲሉ የኖሩት ሰው በተወለዱበት ሸንጎ አፍ አጡ። ፊታቸውን ሳይ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። እሳቸው ግን ኮታቸውን መፍታት ጀመሩ። ያለ ኮት አይቻቸው አላውቅም ነበር። የሸሚዛቸው ጀርባ ተቀዶ በሌላ ጨርቅ ተጥፏል፤ በዚያ ሙቀት ይህንንም ነበር ሲሸፍኑ የኖሩት። «ያዥልኝ፣ የደሴዋ» ብለው ኮቱን ሰጡኝና፣ የአንዱን አካፋ ተቀብለው ብቻቸውን ቦዩ ውስጥ ወረዱ።

ሳቁ ቆመ። ቁፋሮ ማለት አድማ መስበር ነው። «አያ ወዳጆ ከዱን» አለ አንዱ ጎረምሳ፤ ሌሎቹም አጉረመረሙ። እሳቸው ቀና ሳይሉ ቆፈሩ። አያያዛቸው ያስታውቃል፤ የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ግን የመምህር ነበር። መዳፋቸው ተላጦ የአካፋው እጀታ ደም ሲነካ ወንድማቸው ይማም አላስችለው አለ። «አንተ! ወገብህን ልትቆርጠው ነው? ኸዚህ ውጣ!» እያለ ተንደርድሮ ወረደና ሊነጥቃቸው ታገለ። አልሰጡትም። ይማም እየተሳደበ የራሱን አካፋ አስመጣና ከጎናቸው ቆፈረ።

ደለሉ ክምር ከሆነ በኋላ አባ ሰይድ ተነስተው ቦዩ አፋፍ ላይ ቆሙ። «አሁን ተናገር» አሉ።

ጋሽ ወዳጆ አልወጡም። እዚያው አፈር ውስጥ፣ አካፋውን ተደግፈው ተናገሩ።

«ለልጆቻችሁ እምቢ ማለትን ያስተማርኩ እኔ ነኝ። አልቆጨኝም። ሳይጠይቁ የሚጭኑብንን አንከፍልም፤ ኸሹሞቹ ጋር ያለን ጠብ ይሄ ነው። ጎርፉ ግን ሹም አይደለም፤ እምቢ ስላሉት አይመለስም። ልጆቹ ጥላውን ትተው ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ ዛፉን አልቆረጡትም። ቦዩ የአባቶቻችን ነው፤ እንቆፍረው። ክፍያውን መጥተው እስኪጠይቁን አንከፍልም።»

አባ ሰይድ «ቢስሚላህ» አሉና አካፋቸውን ይዘው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ግራሩ ሥር የቀረነው እኔና እናቶች ብቻ ነን። ኃላፊው ከመኪናው ወርዶ መጣና «ታዲያ ክፍያውስ?» ሲል አባ ሰይድ ቀና አሉ። «ልጄ፣ አካፋ አለ» አሉት። ወጣቱ ጫማውን አየ፤ ቦዩን አየ፤ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ጎርፉ ቁፋሮው ሳያልቅ መጣ። የላይኛውና የመካከለኛው እርሻ ጠጣ። የቦዩ ጅራት ላይ ያለው ደረቀ፤ እዚያ ያለው የይማም ማሳ ነው። ይማም በዚያ ዓመት ያገኘው ለከብት የሚሆን አገዳ ብቻ ነበር። ጋሽ ወዳጆ እህል እየገዙ ለወንድማቸው ቤት ያስጭኑ ነበር። «የዚያን ዓመት ግብር የከፈለው ወንድሜ ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር በኋላም፤ ይህን ሲሉ አይስቁም።

ትምህርት ሲከፈት ጋሽ ወዳጆ ወደ ደጋ ተዛወሩ ተባለ፤ ብርዱ ከብት የሚገድልበት አገር። ምክንያቱን የነገረን የለም። እኔ ተነስቼ «ማንን ጠየቃችሁ?» አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ጣሪያውን አየ።

በሚሄዱበት ቀን እነፋጡማ ክፍል አልገቡም። ጠዋት ግቢው መሀል ፀሐይ ላይ ተቀመጡ፤ እኩለ ቀን ሆኖም አልተነሱም። ጋሽ ወዳጆ ሻንጣቸውን ይዘው ሊሰናበቱ መጡ።

«ተነሱ» አሏቸው።

«ማንን ጠይቀው ነው የሚወስዱዎት?» አለች ፋጡማ።

«ማንንም።»

«እንግዲያ አንነሳም።»

ሻንጣቸውን አስቀምጠው ፊቷ ቁጢጥ አሉ። «ቦዩ ውስጥ ሆኜ ምን አልኩ፣ ፋጡማ? የራሳችሁን ማሳ አታድርቁ። ትምህርቱ የእናንተ ነው። ጥላ ግቡ፤ ተማሩ። የኔን ነገር ለኔ ተዉት።»

አንድ በአንድ ተነሱ። መጨረሻ የተነሳችው ፋጡማ ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር የምታለቅሰው። እኔ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኋቸው። ሲሳፈሩ የኮታቸውን ኮሌታ ቀና አደረጉና «አየሽ የደሴዋ፣ ኮቴ አገሩን አገኘ» አሉኝ። ያኔ እንኳ አሳቁኝ።

በዓመቱ የፕሮጀክቱ ኃላፊ በእግሩ መጣ አሉ። ግማሽ ቀን ቆፍሮ፣ አባ ሰይድ ፈቅደውለት ተናገረ፤ ሰዉንም ጠየቀ። ብዙ ተከራክረው በሩን መጀመሪያ ከታሰበው ቦታ ከፍ አድርገው ሠሩት፤ ሁሉም ከፈለ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ፋጡማ ናት። እኔም ወደ ደሴ ተዛወርኩ። ጋሽ ወዳጆ ጡረታ ወጥተው ሮቢት ሲመለሱ ልጠይቃቸው ሄጄ የበሩን ነገር አነሳሁላቸው።

«ጠየቃቸው?» አሉኝ።

«ጠየቃቸው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ሚኒባሱ ሮቢት ያወረደኝ ቀትር ላይ ነው። ባጃጅ ይዤ ለቅሶ ቤቱ ደረስኩ። ደጃፉ ላይ ሰፊ ድንኳን ተተክሏል፤ ሽማግሌዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ባዶ አግዳሚም ሞልቷል። ባለቤታቸውን አቅፌ አለቀስኩ። ውሃ ሰጡኝ። ከዚያ ፋጡማን ብፈልግ አጣኋት።

ከድንኳኑ ውጭ ነበረች፤ ሜዳው ላይ፣ ፀሐዩ መሀል። ብቻዋን አይደለችም። አንዱ ሹፌር ሆኗል፤ አንዷ ነርስ ናት፤ አንዱ አናቱ ተመልጧል። ያ ክፍል ነው። መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

ይማም ዱላውን ተመርኩዞ ከድንኳኑ ወጣ። አርጅቷል። «እናንተ ልጆች፣ ፀሐዩ ሊገድላችሁ ነው፤ ጥላ ግቡ እንጂ!» አለ። የተነቃነቀ የለም። «በአላህ ሥራ ይታመፃል እንዴ?»

ፋጡማ ቀና አለች። «አመፅ አይደለም፣ አያ ይማም። በአላህ ሥራ ማን ያምፃል? ያን ጊዜ ጥላ ግቡ ያሉን እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ማን ይበለን?»

 ይማም ዱላውን መሬት ላይ አስተኝቶ፣ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ።

እኔ የደሴ ሰው ነኝ፤ የቆቦን ፀሐይ አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። ጫማዬን አውልቄ ሄድኩና ከፋጡማ ጎን ተቀመጥኩ።